ያላየኸውን አትጥራ

ጁን 9፣ ሰኞ፤ ዝናብ

የዝናቡ ወቅት ዛሬ ገባ ይላል ሬዲዮው። እኔም ዛሬ ሸራውን ገፈፍኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ጋራዡ ውስጥ ተሸፍና የቆመችው ሰማያዊዋ መኪናችን ከሥሩ ስትወጣ፣ እንግዳ መጥቶ ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ይመስል ትንሽ ያፈረች መሰለኝ። አራቱም ጎማዎች ተኝተዋል። የኋላው ወንበር ላይ አይጥ ጎጆ ሠርታ ለቃለች። ልጃችን ቺቶሴ ትንሽ ሳለች የምትበላው የሎሚ ከረሜላ ሽታ ግን አሁንም አለ። በሩን ዘግቼ፣ መሪውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲመታ የምንጓዝ ይመስል ነበር።

እራት ላይ ለባለቤቴ ለሂሳኖ ነገርኳት።

"ለኦቦን እህትሽ ዘንድ በራሳችን መኪና እንሄዳለን።"

እህቷ ኪኑ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የምትኖርበት የባሕር ዳር መንደር አውቶቡስ ከቀረበት ሦስት ዓመት ሆነው፤ ትንሿ መኪናችን ከሄደች ወዲህ ደግሞ ሁለቱ እህትማማቾች የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ኪኑ "ለሙታኑ በዓል እንኳ ሕያዋኑ አይመጡም" ብላት፣ ሂሳኖ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወጥ ቤት ቆማ ቀረች።

"ቦሎ በሌላት መኪና?" አለችኝ ሾርባዋን አስቀምጣ።

"ቦሎማ አወጣላታለሁ። እኔው ራሴ አድሼ፣ ምርመራውንም እኔው ራሴ አስገባታለሁ።"

"አንተው ራስህ" አለችና ሾርባዋን መልሳ አነሳች።

ቃል ሰጥቻለሁ። የሙታኑ በዓል ኦቦን የሚገባው ኦገስት 13 ነው።

ጁን 13፣ ዓርብ

ባትሪ፦ ሞቷል። ጎማ፦ አራቱም ይቀየሩ። የፍሬን ጎማዎች፦ ተሰነጣጥቀዋል። ክላክስ፦ ድመት ይመስላል። ዝገት፦ ከተገመተው ያነሰ። ማርሚታ፦ ቀዳዳ ሁለት።

ኔዙ መጣ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ዕድሜውን ሙሉ በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ አሻሸና አሸተተው።

"ቶኩጂ፣ ሞተሩ ካንተ ይሻላል።"

"ካንተ ካልተሻለ ምን ዋጋ አለው" አልኩት።

ትንሿ ነጭ መኪናችን ብትኖር ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ማርች ላይ ቺቶሴ ወሰደቻት። ገበያ አዳራሹ ግቢ ውስጥ አንድ ምሰሶ ነበር፤ ግራጫ ምሰሶ፣ በግራጫ ቀን። ማንም ይገጨዋል። ቺቶሴ ግን የወሰደችው ለሥራ ቸግሯት ነው፤ ከምሰሶው ጋር ምንም አያገናኘውም።

ጁን 17፣ ማክሰኞ

ተነሳች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አዲስ ካንዴላና ንጹሕ ነዳጅ ከሰጠኋት በኋላ፣ ሁለት ጊዜ አሳላት፣ ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ጭሱ በዝናቡ ውስጥ ዝቅ ብሎ እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ ሄደ። እንቁራሪቶቹ ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ። ሂሳኖ እጇ ላይ የጨው ፍርፋሪ እንዳለ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ፕለም በጨው እያሸች የምታስቀምጥበት ሰሞን ነው። "ድምጿ አልተለወጠም" አለችና ቆማ አዳመጠች።

እኔም ሳላስበው ጣቴን ቀስሬ "ዘይት፣ ደህና! ሙቀት፣ ደህና!" ብዬ ጠራሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ነድቻለሁ። የባቡር ሰው ምልክቱን በጣቱ ያመለክታል፣ ያየውንም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እጁ፣ ዓይኑና አፉ ካልተስማሙ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ዛሬም ቤቱን ስዘጋ፣ ጋዙን ሳጠፋ እጠራለሁ። ሂሳኖ ድሮ ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ያሠለጠነኝ አለቃ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግመው፦ "ያላየኸውን አትጥራ። ካላየህ አቁም።" በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላየሁትን ጠርቼ አላውቅም። ስለ ራሴ በኩራት የምናገረው ይህን ብቻ ነው።

ጁን 22፣ እሑድ

ቺቶሴ ምሳ ልትበላ መጣች። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት፣ እጇንም በኮፈኑ ላይ አሳለፈች፤ ግን የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ መንጃ ፈቃድ ማደሻው ካርድ በፖስታ ደረሰህ?"

"ይመጣል።"

"የዓይን ምርመራም አለው አይደል?"

"ሁሌም አለው።"

ሂሳኖ ጨዋታ ለመቀየር ይሁን አላውቅም የራሷን መንጃ ፈቃድ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። ወርቃማው መስመር ያብረቀርቃል፤ እንከን የሌለበት ሰው የሚሰጠው ነው። እሷ ደግሞ ፈቃዱን ካወጣች ከአርባ ዓመት በላይ መሪ ነክታ ስለማታውቅ እንከን ከየት ይመጣል።

"በዚህ ቤት ምርጧ ሾፌር እኔ ነኝ" አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

ካርዱ ደርሶኛል። መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከካቻቢቴዎቹ ሥር ነው። ልደቴ ጁላይ 28 ነው፤ ጊዜ አለ። መጀመሪያ የመኪናዋ ምርመራ ይለቅ።

ጁን 28፣ ቅዳሜ

የቀረው የፊት መብራቶቹ ናቸው። አምፖል ቀየርኩ። መስታወታቸውን ወለወልኩ። ሽቦውን ከባትሪው ጀምሮ አዲስ ዘረጋሁ። አሁንም ደካሞች ናቸው።

ሲመሽ መኪናዋን ከሩዝ መጋዘኑ ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሜ አበራኋቸው። እንዴት እንደሚያምር መናገር አልችልም። በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ቀለበት አለ፤ ውስጡ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ዳሩ ላይ ሐምራዊ። ከመጋዘኑ ጥግ ያሉት የአጂሳይ አበቦች ወደ ብርሃኑ ተጠግተው እንደገና እየራቁ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። የድሮ አምፖል እንዲህ አልነበረም። ዝናቡ ይሆናል።

ግድግዳው ላይ የብርሃኑን ልክ የሚያሳይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር፤ ከአሥር እርምጃ ላይ ስመለከት ጠፋብኝ። ፕላስተሩ እስኪታየኝ ድረስ ብሎኑን እያጠበቅሁ ብርሃኑን ከፍ አደረግሁት። ከዚያም ትንሽ ጨመርኩበት።

ኔዙ ጃንጥላ ይዞ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር።

"ይሄ መብራት እኮ ይበቃል።"

"አይበቃም። አታይም እንዴ?"

"እኔማ አያለሁ" አለ ኔዙ።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

ሂሳኖን እግሯን አመማት። ግራ እግሯ ነው፤ ጭኗና ቁርጭምጭሚቷ። ትናንት ማታ የመድኃኒት ፕላስተር ለጥፋ ተኛች፣ ክፍሉ ሁሉ በካምፎር ሸተተ። ዕድሜ ነው ትላለች። ሆኖም በየማለዳው በዝናብ "አበባ አይቼ ልምጣ" ብላ ወጥታ፣ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ ትመለሳለች። እኔ መኪና ሥር ተጋድሜ ስውል እሷ ብቻዋን ዕቃ ተሸክማ፣ ብቻዋን ፕለም አጥባ። አፈርኩ። ነገ ገበያውን እኔ እሄዳለሁ።

ጁላይ 2

አልሄድኩም። ፍሬኑን ጨረስኩ። ይጨብጣል።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዛሬ ግን በከፊል ሰማሁ። ጨርቅ ፍለጋ ወደ ቤት ስገባ ኔዙና ሂሳኖ ወጥ ቤት የገብስ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ነገርሽው?" ይላል እሱ።

"እኔ? አልነግረውም።"

"ታዲያ ማን ይንገረው?"

"ራሱ ይድረስበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ጭኖ የሄደ ሰው ነው። ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።"

ስለ መብራቱ መሆን አለበት። ኔዙ ብርሃኑን ከፍ ማድረጌን አልወደደልኝም። ጨርቁን ሳልወስድ ወጣሁ።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ጠዋት የኔዙን ትንሽ የጭነት መኪና በሩዝ ማሳዎቹ መንገድ ላይ አየኋት። ትንሽ ትሄዳለች፣ እንደ ጥንቸል ትዘላለች፣ ትጠፋለች። እንደገና ትነሳለች። ኔዙ አርጅቷል፤ የፍሪሲዮን አያያዙ እንዲህ አልነበረም። አዘንኩለት። ለሂሳኖ ስነግራት ትን አላት።

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

በሕልሜ ባቡር እነዳ ነበር። ጣቢያ የለም፣ ሐዲዱ በውሃ በተሞላ የሩዝ ማሳ ውስጥ ያልፋል፣ ሰማዩም ከታች ነው። የምልክት ምሰሶዎቹ ላይ መብራት ሳይሆን አጂሳይ አብቦባቸዋል፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ። ጣቴን እቀስራለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጠራ አላውቅም። ባቡሩ ደግሞ አይቆምም። ከኋላዬ መንገደኞቹ ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። አንዷ ሂሳኖ ነበረች፣ በሠርጋችን ቀን በለበሰችው ኪሞኖ። አልፈራችም።

ነቅቼ ጣሪያውን ብዙ አየሁ። የጣሪያው የግራ ጥግ የለም። ጨለማ ስለሆነ ነው።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

ከማዘጋጃ ቤት ጊዜያዊ ታርጋ ተቀበልኩ፤ ነጭ ሆኖ ቀይ መስመር ያቋረጠው። ቦሎ የሌላት መኪና ምርመራ ደርሳ እስክትመለስ ብቻ መንገድ ላይ የምትወጣበት ነው። አምስት ቀን ይሰጣል። የምርመራ ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው። እስከ ዓርብ ካላለፈች ታርጋው ይመለሳል፣ ቀጠሮውም ወደ ሴፕቴምበር ይገፋል። ኦቦንም ያልፋል።

ኔዙ "እስከዚያ እኔ እነዳታለሁ፤ አንተ ለምርመራው ኃይልህን ቆጥብ" አለኝ። እሺ አልኩ። ለምን ቶሎ እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ፤ ማታ

በመጀመሪያ ያለፈውን ልጻፍ። ዝገቷ፣ ጎማዋ፣ ማርሚታዋ፣ ፍሬኗ፣ ሁሉም አለፈ። መርማሪው በመዶሻ ብሎኖቿን አንድ በአንድ ሲመታ እንደ ደወል ጮሁ። ክላክሷም አሁን በሬ ነው። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ፤ መስመሩ ውስጥ የሚያስገባት ባለቤቱ ነው ብዬ ከኔዙ ተቀብያታለሁ።

ከዚያ መብራት። መሣሪያው ከመኪናዋ ፊት እየተንሸራተተ መጥቶ አንዱን ዓይኗን፣ ቀጥሎ ሌላውን አየ። ውጤቱ ከፊት ለፊት ከላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ያለፈው ክብ፣ የወደቀው ኤክስ ነው። ወጣቱ መርማሪ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"አባት፣ ሰሌዳውን ያንብቡልኝ።"

ቀና አልኩ። አንድ የሚያበራ ነገር አለ፤ በዙሪያው ቀለበት፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። መሐሉ የለም። ከኋላዬ የቆመው መኪና ሞተር ይሰማኛል። እጄ ራሷ ተነሳች፣ ጣቴ ተቀሰረ።

"ክብ! እለፍ!" ብዬ ጠራሁ።

መርማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ አየ።

"ኤክስ ነው የሚለው አባት። ሁለቱም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጭጋግ፣ በበረዶ፣ በሌሊት ያላደረግሁትን፣ በጠራራ ቀን፣ በቆመች መኪና ውስጥ አደረግሁት። አላየሁም ነበር። አለማየቴንም አውቅ ነበር።

ከግቢው ውጪ የወደቁ መብራቶችን የሚያስተካክሉበት ትንሽ ቤት አለ። ኔዙ ነድቶ ወሰደን። ባለቤቷ ቦቲ ጫማ ያደረገች ሴትዮ ናት፤ መለኪያውን አቁማ መብራቱን እንዳየች ሳቀች።

"አባቴ፣ ይሄን ማን ነው ያስተካከለው? ጣሪያ ላይ ላሉት ድንቢጦች ነው እንዴ የሚያበራው?"

"ደካማ ስለሆነ ከፍ አድርጌው ነው።"

"ደካማ? ኧረ ከአዲስ መኪና ይበልጣል። ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋልዎታል እንጂ።" ብሎኑን ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞረችው። "ይኸው። መብራቱ ምንም አልነበረውም።"

መብራቱ ምንም አልነበረውም። የፕላስቲክ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። የጣሪያችን ጥግ፣ ፕላስተሩ፣ ግራጫው ምሰሶ፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡ። ምሰሶው አጠገብ የቆመ ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ከዛሬ በፊት ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

"ኔዙ" አልኩት፣ "ዛሬ ያላየሁትን ጠራሁ።"

ኔዙ ወደ መንገዱ አየ። "አውቃለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"በቀኑ ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል። አንተ አስገባት" አልኩት።

"እኔ አይደለሁም የማስገባት" አለ።

ያኔ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና እየዘለለች ግቢው ውስጥ ገብታ ጠፋች። በሩ ተከፈተ፣ የሆነ ሰው ወረደ። በአረማመዷ አወቅኋት፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች።

"ሂሳኖ? ማን አመጣሽ?"

"እኔው ራሴ" አለች።

አበባ ማየቷ፣ ጭቃው፣ ጥንቸሏ መኪና፣ የፍሪሲዮን እግሯ። አምስት ሳምንት ሙሉ ከኔዙ ጋር በሩዝ ማሳ መንገድ። ሰባ ዓመቷ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ሸራውን መልሰህ ታለብሳት ነበር" አለች። "አንተም አብረህ ከሥሩ ትገባ ነበር። ቁልፉን አምጣ።"

ቁልፉን ከኔዙ ተቀብዬ ሰጠኋት። መስመሩ ውስጥ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ ከኋላዋ የቆሙት አልጮሁባትም። እኔ ከኔዙ ጋር አግዳሚው ላይ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ተከተልኩ። ስትመለስ የማለፊያ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ማኅተሙ ገና እርጥብ ነበር።

ወደ ቤት እሷ ነዳች። አልቅሻለሁ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ ስላዞርኩ አላየችኝም ብዬ አስባለሁ።

ጁላይ 23፣ ረቡዕ

የዓይን ሐኪም። ግላኮማ ነው አለችኝ። ግራው ከግማሽ በላይ ሄዷል፤ ቀኙም ተከትሎታል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። ቀለበቶቹም ከሱ ናቸው። ያምሩ እንደነበር ስነግራት ጽሑፏን አቁማ ቀና አለች።

ጁላይ 28፣ ሰኞ፤ ፀሐይ

የዝናቡ ወቅት ወጥቷል። ሂሳኖ ጨው የጠጡትን ፕለሞች ጣሪያው ላይ ወንፊት ላይ አስጥታለች፤ ግቢው በሙሉ ጎምዛዛ ሽታ ነው። ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ካርዱን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቼ ቺቶሴን አስከትዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መንጃ ፈቃዴን መለስኩ። ጸሐፊዋ በሁለት እጇ ተቀብላ "ለረጅም ጊዜ ድካምዎ እናመሰግናለን" ብላ አጎነበሰች። እኔም አጎነበስኩ። ቺቶሴ ውጪ ስንደርስ "አባዬ፣ ምሰሶውን በተመለከተ" ብላ ጀመረች።

"የገጨሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ስላላየሁት።"

ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ ኑድል ጋበዘችኝ።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ይህን የምጽፈው ኪኑ ቤት ነው፣ ሂሳኖ በገዛችልኝ ወፍራም እስክሪብቶ። አንድ ገጽ ላይ አምስት መስመር ብቻ ይገባል። ባሕሩ ይሰማኛል። እህትማማቾቹ በሚቀጥለው ክፍል ከመጣን ጀምሮ አላቆሙም። ኪኑ ለሙታኑ ከኪያር ፈረስ፣ ከደበርጃን በሬ ሠርታ መሠዊያው ላይ አቁማለች፤ ነፍሶቹ በፈረሱ ፈጥነው መጥተው በበሬው ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ሂሳኖን ስትወርድ እንዳየቻት "አንቺ ደግሞ በበሬው ነው እንዴ የመጣሽው?" አለቻት። አምስት ሰዓት ነበር የፈጀብን፤ ድሮ እኔ በሁለት ሰዓት ተኩል እጨርሰው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ጽፌ ልተኛ። ከከተማችን መውጫ ላይ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት አለ። ሂሳኖ አቆመች። እጄ በልማድ ተነሳች፣ ጣቴ ወደ ፊት ተቀሰረ። ፊት ለፊቴ የነጋ ሰማይ ብቻ ነበር። ጣቴን እንደቀሰርኩ ዝም አልኩ።

"ጥራ እንጂ" አለችኝ።

"ያላየሁትን አልጠራም።"

"እኔ አይቼዋለሁ" አለች። ከመሪው አንድ እጇን አንስታ ጣቷን ከጣቴ ጎን ቀሰረች። "አረንጓዴ።"

"አረንጓዴ" አልኩ። "እለፍ።"

ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና ሞተሩ ጠፋ። ቀይ ሆነ። ከኋላችን ማንም አልነበረም። እንደገና አረንጓዴ እስኪሆን ተቀመጥን፤ ሲሆን እጇ ስትነሳ ተሰማኝ፣ ሁለታችንም አብረን ጠራን።